ቤት ያላስቀሩት መሥራች፤ አባ ኢየሱስ ሞዓ ዘሐይቅ እስጢፋኖስ

በብዙ አገሮች ዘንድ አንድ ታላቅ ተቋም የመሠረተ ወይም ለሙያው አዲስ መንገድ የከፈተ ሰው ሲያልፍ፣ ተወልዶ ያደገበትን ቤት ጠብቆ ለትውልድ ማሳየት የተለመደ ነው። በእንግሊዝ አገር፣ ከኒውካስል ከተማ በስተምዕራብ በምትገኘው በዋይላም መንደር፣ የባቡር ሐዲድ አባት የሚባለው ጆርጅ ስቲቨንሰን በ1781 እ.ኤ.አ. የተወለደባት የድንጋይ ቤት እስከ ዛሬ ቆማለች። ቤቷ በዘመኑ ለአራት ቤተሰቦች የተከፈለች ስለ ነበረች የስቲቨንሰን ወላጆች ከነልጆቻቸው የኖሩት በአንዲት ክፍል ብቻ ነበር። በአሜሪካም፣ በኦሃዮ ግዛት ማይለን በምትባል ከተማ፣ ቶማስ ኤዲሰን በ1847 እ.ኤ.አ. የተወለደበት ቤት ሙዚየም ሆኗል። እንዲህ ያለውን ቤት የሚጎበኝ ሰው የሚመለከተው ጠባቡን ክፍልና አሮጌውን ምድጃ ብቻ አይደለም፤ ከዚያ ክፍል ተነሥቶ የተሄደውን የመንገድ ርዝመት በዓይነ ሕሊናው ይለካል።

በአገራችን የትምህርት ታሪክ ውስጥ ከመሥራቾች ተርታ ቀድመው ከሚጠሩት ሰዎች አንዱ አባ ኢየሱስ ሞዓ ናቸው። ይሁን እንጂ የልጅነት ቤታቸው ግድግዳው ቆሞ የሚጎበኝ አይደለም። የ13ኛው ምእተ ዓመት የገበሬ ቤት እንጨትና ጭቃ፣ ሣርና ጠፍር ነበርና ዕድሜው ከባለቤቱ ዕድሜ ብዙ አያልፍም። እሳቸውን ፈልጎ የሚሄድ ሰው የሚያገኛቸው በተወለዱበት ስፍራ ሳይሆን፣ በጎልማሳነታቸው መጥተው እስከ ዕለተ ሞታቸው ባልተለዩት በሐይቅ እስጢፋኖስ ነው። እዚያም ቢሆን ከሕንፃ ይልቅ ስለ እሳቸው አጥብቆ የሚመሰክረው አንድ የብራና መጽሐፍ ነው።

ሐይቁና ገዳሙ

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጐዳና 30 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ መንገደኛ ሐይቅ ከተማ ይደርሳል። ከከተማዋ ጥቂት ርቆ፣ በኮረብቶች ተከቦ፣ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ውሃ ተኝቷል። ሐይቁ ጥልቅ ነው፤ ከፍተኛው ጥልቀቱ ከ80 ሜትር ይበልጣል። ከጎረቤቱ ከአርዲቦ ሐይቅ ተነሥቶ በአንከርከሃ ወንዝ በኩል ውሃ ይገባለታል፤ ከእርሱ ግን በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለም። የገባው ውሃ ከፊሉ ይተናል፣ ከፊሉ ወደ ምድር ይሠርጋል።

የእስጢፋኖስ ገዳም ጥንት በደሴት ላይ ነበረ። ዛሬ ውሃው ሸሽቶ ደሴቱ ከዳርቻው ጋር በየብስ የተያያዘ ስለ ሆነ ጎብኚ በእግሩ ይገባል። በቀድሞው ዘመን ግን መሻገሪያው ከደንገል የተሠራ ታንኳ ነበር። በ16ኛው ምእተ ዓመት መጀመሪያ ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስለዚህ ሐይቅ በጻፈው ዘገባ ደሴቱን፣ የቅዱስ እስጢፋኖስን ገዳም፣ የሎሚና የብርቱካን ተክሉን፣ የደንገል ታንኳውንና በውሃው ውስጥ የሚኖሩትን ጉማሬዎች ጠቅሷል። የገዳሙ ሥርዓት ጥብቅ ነው፤ እስከ አሁንም ወደ ቅጥሩ የሚገቡት ወንዶች ብቻ ናቸው።

ቤተ ክርስቲያኑ ከአባ ኢየሱስ ሞዓ በፊት የነበረ ነው። ትውፊት ምሥረታውን ወደ 9ኛው ምእተ ዓመት ወስዶ ከንጉሥ ድል ነዓድ ስም ጋር ያያይዘዋል። ስለዚህ አባ ኢየሱስ ሞዓ ሐይቅ በደረሱ ጊዜ መቅደስ ነበረ፣ ታቦት ነበረ፣ የሚያገለግሉ ካህናትም ነበሩ። ታዲያ መሥራች የተባሉት ለምንድን ነው? የሕይወታቸው ታሪክ የሚመልሰው ጥያቄ ይህ ነው።

ከዳኅና ወደ ደብረ ዳሞ

አባ ኢየሱስ ሞዓ የተወለዱት በ13ኛው ምእተ ዓመት መጀመሪያ ላይ ዳኅና በሚባል ስፍራ ነው። ዘመኑ የዛጔ ነገሥታት ዘመን ነበር። የመንግሥቱ ማዕከል በላስታ ሲሆን፣ ትልልቆቹና ጥንታውያኑ ገዳማት በትግራይ ነበሩ። ከላስታ በስተደቡብ፣ በአምሐራና በሸዋ፣ ክርስቲያኖች ቢኖሩም ከፍ ያለ ትምህርት የሚሰጥበት ገዳም አልነበረም። ከእነዚህ አውራጃዎች መጽሐፍ መማር ወይም በሥርዓት መመንኮስ የፈለገ ሰው ተራራና በረሃ አቋርጦ ወደ ሰሜን መሄድ ነበረበት። ያ ሁሉ መንገድ በእግር የሚሄድ ነውና ስንቅ ያጣው፣ ጤና ያጣው፣ ጓደኛ ያጣው ከመንገድ ይቀራል። የዕውቀት እጥረት መንስኤው የፍላጎት ማነስ ሳይሆን የርቀት ብዛት ነበር።

ወጣቱ ኢየሱስ ሞዓም ያን መንገድ ከሄዱት አንዱ ነበሩ። ወላጆቻቸውንና ቀያቸውን ትተው ደብረ ዳሞ ደረሱ፤ በዚያም በአባ ዮሐኒ እጅ መነኮሱ። ደብረ ዳሞ ዙሪያውን በገደል የተከበበ አምባ ነው። መግቢያው አንድ ብቻ ሲሆን፣ የሚወጣውም ከአሥር ሜትር በላይ በሚረዝም ገደል ላይ በተንጠለጠለ የጠፍር ገመድ ነው። በአምባው ላይ ምንጭ ስለሌለ መነኮሳቱ በዓለት ውስጥ በተፈለፈሉ ጉድጓዶች የክረምቱን ውሃ አጠራቅመው በጋውን ይሻገሩበታል። ድንጋይና እንጨት እየተፈራረቁ የተገነባው ቤተ ክርስቲያን የአክሱምን ዘመን የግንባታ ጥበብ ጠብቆ ካቆዩት ጥቂት ሕንፃዎች አንዱ ነው።

በዚህ አምባ የኖረ ሰው ከጸሎትና ከንባብ ሌላም የሚማረው ነገር አለ። ውሃ በልክ ይቀዳል፤ እህል በልክ ይሰፈራል፤ አንዱ መነኩሴ ሥራውን ቢያጓድል ጉድለቱ በሁሉ ላይ ይደርሳል። ማኅበር በሥርዓት ካልሆነ በስተቀር እንደማይቆም በዚያ ስፍራ በየዕለቱ ይታያል። አባ ኢየሱስ ሞዓ ከደብረ ዳሞ ሲወጡ ቆባቸውንና ዕውቀታቸውን ብቻ ሳይሆን ይህንንም ልምድ ይዘው ወጥተዋል ማለት ይቻላል።

የ1240 ዓ.ም. ውሳኔ

ገድላቸው እንደሚተርከው ወደ ሐይቅ የመጡት በመልአክ ተመርተው ነው። ዘመኑም 1240 ዓ.ም. ነበር። ዕድሜያቸው ገና በሠላሳዎቹ ውስጥ ነበረ። በዚያ ዕድሜ የሚገኝ አንድ የተማረ መነኩሴ በታወቀው ገዳም ቀርቶ በመምህሩ ጥላ ሥር መኖር ይችል ነበር፤ ክብሩም ዕረፍቱም በዚያ ነበር። እሳቸው ግን ትምህርት ወዳልደረሰበት አገር፣ ደሴቱ ላይ ቤተ ክርስቲያን እንጂ ትምህርት ቤት ወደሌለበት ስፍራ መጡ።

የስፍራው አቀማመጥ ሲታይ ምርጫው እንዴት ያለ እንደ ነበር ይገባል። ሐይቅ በላስታና በሸዋ መካከል ነው። ከደቡብ የሚመጣ ተማሪ ትግራይ ለመድረስ ከሚፈጅበት ጉዞ ብዙውን ይቆርጥለታል። ደሴቱ በውሃ የተከበበ ስለሆነ ለጸጥታም ለመጻሕፍት ጥበቃም ይመቻል። ዙሪያው ለም እርሻ በመሆኑ ማኅበሩ ቀለብ አያጣም። አንድ መሐንዲስ ለግድብ ወይም ለድልድይ ስፍራ ሲመርጥ የሚያመዛዝናቸው ነገሮች፣ ማለትም ርቀት፣ ደኅንነትና አቅርቦት፣ በሐይቅ ተሟልተው ይገኙ ነበር።

አባ ኢየሱስ ሞዓ በደሴቱ ላይ ያደረጉት ሥራ በአጭሩ ሲነገር፣ አንድን ቤተ ክርስቲያን ገዳምና ትምህርት ቤት ማድረግ ነው። ካህናቱንና አዲስ የሚመጡትን በማኅበር ሥርዓት አሰባሰቡ፤ ደቀ መዛሙርትን ተቀብለው አስተማሩ፤ የተማረውን አመነኮሱ፤ የመነኮሰውንም ወደ አገሩ ሄዶ እንዲያስተምር አሰናበቱ። ትውፊት ደቀ መዛሙርታቸውን በመቶዎች ይቆጥራል። ከሁሉም የሚበልጠው ግን መጻሕፍትን መሰብሰባቸውና ማስጻፋቸው ነበር። ትምህርት ያለ መጽሐፍ በመምህሩ ትዝታ ላይ ብቻ የሚቆም ነውና መምህሩ ሲሞት አብሮ ይቀበራል።

ስለ አንድ መጽሐፍ ዋጋ

በዚያ ዘመን አንድ መጽሐፍ ምን ያህል ሥራ ይጠይቅ እንደ ነበር የዛሬ አንባቢ በቀላሉ አይገምትም። መጀመሪያ ፍየል ወይም በግ ይታረዳል። ቆዳው በውሃ ተዘፍዝፎ በእንጨት መወጠሪያ ላይ ይወጠራል፤ ሥጋውና ጸጉሩ እስኪለቅ ድረስ ይፋቃል፣ በድንጋይ ይታሻል፣ በፀሐይ ይደርቃል። የደረቀው ብራና በልክ ይቆረጣል፤ ከአንድ ቆዳ የሚገኘው ቅጠል ጥቂት ስለሆነ አንድ ወፍራም መጽሐፍ የመንጋ ቆዳ ይበላል። ከዚያም በወስፌ እየተበሳ ይሠመራል፤ መሥመሩ ካልተስተካከለ ጽሕፈቱ አያምርም። ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸት ተቀምሞ ለብዙ ጊዜ ይብላላል፤ ለክቡራን ስሞችና ለአርእስት የሚሆነው ቀይ ቀለም ለብቻው ይዘጋጃል። ጸሓፊው በመቃ ብዕር አንድ አንዱን ፊደል ለይቶ ይጽፋል። ሲያልቅ ጥራዙ ተሰፍቶ በእንጨት ገበታ ይደጐሳል፣ በማኅደርም ይከተታል።

በመጽሐፍ ላይ የሚደረግ ወጪ፣ እንግዲህ፣ የከብትና የጉልበት፣ የወራትና የዓይን ወጪ ነው። ከዚህ የተነሣ በዚያ ዘመን መጻሕፍት ያሉት ገዳም ባለጸጋ ነበር፤ መጻሕፍት የሚያስጽፍ አበምኔትም ለልጆቹ ርስት እንደሚያወርስ አባት ይቆጠር ነበር።

የ1273 ዓ.ም. ወንጌል

አባ ኢየሱስ ሞዓ ካስጻፏቸው መጻሕፍት አንዱ እስከ ዘመናችን ደርሷል። ይኸውም በ1273 ዓ.ም. ተጽፎ ለሐይቅ እስጢፋኖስ የተሰጠው አራቱ ወንጌል ነው። መጽሐፉ ዘመኑ በራሱ ላይ የተጻፈበት በመሆኑ ሊቃውንት ከፍ ያለ ግምት ይሰጡታል። ከእርሱ የሚቀድሙ የኢትዮጵያ መጻሕፍት ቢኖሩም፣ በሥዕል ከተጌጡት መካከል ዘመናቸው በርግጥ ከሚታወቁት ቀደምት መጻሕፍት የሚቆጠር ነው። በውስጡ ካሉት ሥዕሎች አንዱ የራሳቸው የአባ ኢየሱስ ሞዓ ሥዕል ነው።

ይሁን እንጂ ለተቋም ታሪክ ከሥዕሉ የሚበልጥ ጥቅም ያላቸው በባዶ ቅጠሎች ላይ የተጻፉት ማስታወሻዎች ናቸው። ከእነዚህ አንዱ የገዳሙን መጻሕፍት የሚቆጥር ዝርዝር ነው። በአባ ኢየሱስ ሞዓ ዕድሜ ፍጻሜ ግድም የነበረውን ሀብት ሲያሳይ ከ80 በላይ መጻሕፍትን ይመዘግባል። ከኢትዮጵያ የመጻሕፍት ቤቶች እጅግ ጥንታዊ ከሆኑት ዝርዝሮች አንዱ በመሆኑ ታሪክ ተመራማሪዎች ደጋግመው ይጠቅሱታል። ከእያንዳንዱ መጽሐፍ በስተጀርባ ያለውን የቆዳና የዓይን ድካም ላሰበ ሰው፣ በአንድ ደሴት ላይ ከ80 በላይ መጻሕፍት ማከማቸት የ45 ዓመት ገደማ የአበምኔትነት ዘመንን የሚሞላ ሥራ ነው።

መዝገብ መያዙ ራሱ ልብ ሊባል ይገባዋል። ዝርዝሩን ያስጻፈው ሰው መጻሕፍቱ የእርሱ እንዳልሆኑና የማኅበሩ እንደሆኑ፣ እርሱ ሲያልፍም የሚረከባቸው ሌላ ሰው እንዳለ ያውቅ ነበር። በሥራ ዓለም ንብረት የሚቆጠረው ለባለቤቱ ኩራት ሳይሆን ለተረካቢው ሲባል ነው። የሐይቅ ወንጌልም ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን የገዳሙ መዝገብ ሆኖ አገልግሏል፤ የዐፄ ዐምደ ጽዮን ዘመቻና የመሬት ስጦታ ሳይቀር በቅጠሎቹ ላይ ተጽፏል።

ንጉሡና መነኩሴው

በ1262 ዓ.ም. ይኩኖ አምላክ የዛጔን መንግሥት አሸንፎ ነገሠ። አዲሱ ሥርወ መንግሥት የተነሣው ከአምሐራ ምድር ስለ ነበር ሐይቅ ከዳር ስፍራነት ወደ መንግሥት ደጃፍነት ተለወጠ። ከዚህ ጊዜ ጀምሮ የአባ ኢየሱስ ሞዓ ስም ከፖለቲካ ታሪክ ጋር ተያይዞ ይነሣል። የሐይቅ ትውፊት ይኩኖ አምላክ በልጅነቱ በገዳሙ እንደ ተማረ፣ ለመንገሡም ምክንያት የሆኑት አባ ኢየሱስ ሞዓ እንደ ነበሩ፣ ንጉሡም በምላሹ ለቤተ ክርስቲያን ብዙ እንደ ሰጠ ይተርካል። የደብረ ሊባኖስ ትውፊት ደግሞ ይህንኑ ድርሻ ለአቡነ ተክለ ሃይማኖት ይሰጣል።

የሁለቱ ገዳማት ትረካዎች የተጻፉት ከድርጊቱ ብዙ ዘመን ቆይቶ ነው። የአባ ኢየሱስ ሞዓ ገድል ዛሬ በምናውቀው መልክ የተጻፈው በ15ኛው ምእተ ዓመት ማብቂያ ላይ ሲሆን፣ ከሞታቸው በኋላ ሁለት መቶ ዓመት ያህል አልፎ ነበር። በዚያን ጊዜ ሐይቅና ደብረ ሊባኖስ በቤተ መንግሥት ዘንድ ስለ ቀዳሚነት የሚፎካከሩ ታላላቅ ገዳማት ነበሩ። ስለዚህ ገድሎቹ የጥንቱን ታሪክ ብቻ ሳይሆን የዘመናቸውንም ክርክር ይዘው እንደሚናገሩ አንባቢ ሊያስተውል ይገባል። ይህ ማለት ትውፊት ዋጋ የለውም ማለት አይደለም፤ ገዳሙ ስለ መሥራቹ ምን ያስብ እንደ ነበር የምናውቀው ከገድሉ ነው። ይሁን እንጂ የአባ ኢየሱስ ሞዓን ትልቅነት በንጉሥ ማንገሥ ብቻ የሚለካ ሰው ከሁሉ የጸናውን ማስረጃ ትቶ የሚያከራክረውን ይይዛል። ማንም የማይክደው ከሳቸው በኋላ የሐይቅ አበምኔት ዐቃቤ ሰዓት በሚል ማዕረግ በቤተ መንግሥት ከፍተኛ ሥልጣን እንደ ነበረው ነው። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ዐቃቤ ሰዓት አምኃ ጽዮን፣ በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን ደግሞ ዐቃቤ ሰዓት ነገደ ኢየሱስ ከንጉሡ አማካሪዎች ዋነኞቹ ነበሩ።

ደቀ መዛሙርት

የአባ ኢየሱስ ሞዓ ሥራ በሐይቅ ደሴት ቢወሰን ኖሮ አንድ ጥሩ ገዳም ብቻ በሆነ ነበር። ትልቅ ያደረገው ከዚያ የወጡት ሰዎች የሄዱበት ርቀት ነው። ከሸዋ መጥተው በሐይቅ ለዓመታት የተቀመጡት ተክለ ሃይማኖት ከዚያ ወደ ደብረ ዳሞ ተሻግረው፣ ኋላም ወደ አገራቸው ተመልሰው በ13ኛው ምእተ ዓመት መጨረሻ ደብረ አስቦን መሠረቱ። ደብረ አስቦ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ደብረ ሊባኖስ ተባለ። ተክለ ሃይማኖት በ1305 ዓ.ም. ካረፉ በኋላም ተከታዮቻቸው በደቡብ ብዙ ገዳማትን ተከሉ። ሌላው ደቀ መዝሙር አባ ኂሩተ አምላክ ወደ ጣና ሄደው የዳጋ እስጢፋኖስን ገዳም መሠረቱ፤ ስሙን ከሐይቁ እስጢፋኖስ ጋር አንድ ሆኖ እናገኘዋለን። ከመቶ ዓመት በኋላም ትምህርት ቤቱ አልነጠፈም። የመጽሐፈ ምሥጢር ደራሲ አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ የተማሩት በዚያው በሐይቅ ነው።

በዚህ ረገድ ሲታይ ከደብረ ዳሞ የተነሣው ዕውቀት በሐይቅ አድርጎ ወደ ሸዋና ወደ ጣና ሄዷል። አባ ኢየሱስ ሞዓ የዚያ መሥመር ማገናኛ ነበሩ። አባ ዮሐኒ ከሰጧቸው ላይ ጨምረው ሰጡ እንጂ ሁሉን ከራሳቸው አልጀመሩም። ተክለ ሃይማኖትም ኂሩተ አምላክም እንዲሁ አደረጉ። ኋላ የመጡት ትውልዶች ከሁለቱ ማን ይበልጣል፣ ማን ማንን አመነኮሰ ብለው ቢከራከሩም፣ ክርክሩ ራሱ የሚያስረዳው የአንዱ ሥራ ከሌላው ሥራ ተለይቶ የማይታይ መሆኑን ነው።

አባ ኢየሱስ ሞዓ በ1285 ዓ.ም. ዐረፉ። መታሰቢያቸው በየዓመቱ ኅዳር 26 ቀን ይከበራል።

ከእሳቸው በኋላ

መሥራቹ ካለፉ በኋላ ገዳሙ ሁለት መቶ አርባ ዓመት ያህል በክብር ኖረ። በ1524 ዓ.ም. የኢማም አሕመድ ሠራዊት ሐይቁ ዳርቻ ደረሰ። የዘመቻው ታሪክ ጸሓፊ ዐረብ ፈቂህ ስለዚህ ሁኔታ የተወው ትረካ የደሴቱ ሀብት እንዴት እንደ ተወሰደ ይነግራል። ለዘመናት የተከማቸው ወርቅና ልብስ ሄደ፤ የዐቃቤ ሰዓቶቹም ኃይል ከዚያ ወዲህ እንደ ጥንቱ አልሆነም። ወንጌሉ ግን ተረፈ።

ከዚያ በኋላ መጽሐፉ ለብዙ ዘመን ከገዳሙ ውጭ ብዙም ሳይታወቅ ኖረ። በ1957 ዓ.ም. ፖላንዳዊው ሊቅ ስታኒስላስ ኩር የአባ ኢየሱስ ሞዓን ገድል በሉቨን አሳተሙ። በ1962 ዓ.ም. ዶክተር ታደሰ ታምራት ከ1240ዎቹ እስከ 16ኛው ምእተ ዓመት የነበሩትን የሐይቅ አበምኔቶች ተራ በተራ የሚያጠና ጽሑፍ አወጡ፤ ከዋና ማስረጃዎቻቸውም አንዱ ይኸው ወንጌል ነበር። ቀጥሎም የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ለማንሣት በተቋቋመው ድርጅት ወንጌሉ 1832 የሚል ቁጥር ተሰጥቶት ተቀረጸ። ከዚያ ወዲህ ደሴቱን ያላዩ ተመራማሪዎች ሁሉ ሊያነቡት ቻሉ።

የጎብኚው ድርሻ

ዛሬ የገዳሙን ሙዚየም ለማየት የሚሄድ ሰው ከስቲቨንሰን ወይም ከኤዲሰን ቤት እንደሚያገኘው ያለ የልጅነት ትዝታ አያገኝም። የእናት ምድጃ፣ የአባት ወንበር፣ የሕፃን አልጋ በዚያ የለም። መነኩሴ ሲመነኩስ ቤቱን ትቶ ነውና ቤት እንዲተርፍለት አይጠበቅም። በምትኩ ጎብኚው የሚያየው አንድ ሰው ከቤቱ ከወጣ በኋላ የሠራውን ነው። ስቲቨንሰንም ቢሆን ማንበብ የጀመረው 18 ዓመት ከሞላው በኋላ ነበር፤ በዋይላም የቆመችው ክፍል የሚያስደንቀን ኋላ ስለ ተዘረጋው ሐዲድ ነው እንጂ ስለ ራሷ አይደለም።

የሐይቅ ጉብኝት ለባለሙያ የሚያነሣው ሌላም ጉዳይ አለ። በአገራችን ብዙ ድልድዮች፣ ግድቦችና ሕንፃዎች ተሠርተዋል። ከነዚህ ውስጥ ግን ንድፋቸው የጠፋ፣ የሠራቸው ሰው ጡረታ ሲወጣ የሥራው ታሪክ አብሮ የወጣ ጥቂቶች አይደሉም። ንድፉ የጠፋበት ድልድይ በሚሰነጠቅበት ቀን መሠረቱ ስንት ሜትር እንደ ወረደ፣ ብረቱ በየት በኩል እንዳለፈ የሚናገር አይገኝም፤ ጠጋኙ በግምት ይሠራል። አባ ኢየሱስ ሞዓ ካስጻፉት ወንጌል ጋር የመጻሕፍቱ ዝርዝር ባይኖር ኖሮ፣ የሐይቅ ትምህርት ቤት ምን ያህል ሀብት እንደ ነበረው ዛሬ የምናውቀው በገድልና በክርክር ብቻ በሆነ ነበር። ከ700 ዓመት በላይ ያለፈው መዝገብ ግን ለጥያቄው በቁጥር ይመልሳል።

መጽሐፉም እንደ ማንኛውም ግዙፍ ነገር ጥበቃ ይሻል። ብራና እርጥበት ሲበዛበት ይሻግታል፣ ድርቀት ሲበዛበት ይኮማተራል፣ እሳትና ሌባ አይምሩትም፤ የብዙ ጎብኚ እጅ ደግሞ ቀለሙን ይፈጀዋል። ሐይቁ በመሸሹ ደሴቱ ከየብስ መገናኘቱ ለጎብኚ ቢመችም፣ ጥንት ውሃው ይሰጥ የነበረውን ጥበቃ ቀንሷል። የዕቃ ቤቱን አየር መቆጣጠር፣ ጣሪያውንና የውሃ መውረጃውን መጠበቅ፣ የእሳት መከላከያ ማዘጋጀት የመሐንዲስ ሙያ የሚጠይቅ ተግባር ነው። መነኮሳቱ ይህን ሁሉ ዘመን በጸሎትና በንቃት ጠብቀው አድርሰውታል፤ የዕውቀቱን ድርሻ የሚያዋጣ ባለሙያ ቢያገኙ ሥራቸው ይቀልላል።

አባ ኢየሱስ ሞዓ ሐይቅ ሲደርሱ ያገኙት ቤተ ክርስቲያን በሌሎች የተሠራ ነበር። እሳቸው ደግሞ ለሌሎች የሚተርፍ ትምህርት ቤት፣ መጻሕፍትና መዝገብ ትተው አለፉ። ወደ ገዳሙ የሚሄድ ባለሙያ ወንጌሉ በማኅደሩ ተከትቶ ሲወጣለት በመጀመሪያ የሚመለከተው ሥዕሉን ይሆናል። ካየ በኋላ ግን የዕቃ ቤቱን ጣሪያ ቀና ብሎ ቢመለከት፣ ግድግዳውን በእጁ ቢዳስስ፣ እርጥበት ያለበትን ማዕዘን ለመነኮሳቱ ቢያመለክት፣ ከመሥራቹ ሥራ ላይ ድርሻውን ጨመረ ማለት ነው።